አሥራ ዘጠኝ ደረጃ

የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ የተባለውን ማስፈር፣
ሳልም ቢሆን፣ ዝምታም ቢሆን፣ በቅንፍ ከትቶ ማኖር።
ከሃያ ዓመት መዝገብ ውስጥ ግን አንዲት ቃል፣
ሌሊት ስተኛ እጄ አሁንም ይጽፋታል።

የካቲት ነበር። ቺያቱራ ላይ በረዶ ወርዶ፣
የማንጋኒዙ ጥቁር ብናኝ ከነጩ ጋር ተዋህዶ፣
ከተማው አመድ መስሎ፣
የገመድ ላይ ሣጥኑ በጉም መሀል ተንጠልጥሎ፣
ለአራት ሰዓት ቀጠሮ፣ ኖዳር በአንድ ሰዓት ደረሰ።
ሁለት እግሩን የማዕድኑ ጉድጓድ ውጦበት፣
ታናሹ የሕፃን ጋሪ ጎማ ከሳንቃ ገጥሞለት፣
በሁለት እጁ መሬት እየገፋ በረዶውን አረሰ።

ፍርድ ቤቱ ከፍታ ላይ ነው። የሠሩት ሰዎች «ሕግ ይከበር» ብለው፣
አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ከጥርብ ድንጋይ ከምረው፣
ከበሩ አናት በወርቅ ቀለም ጽፈዋል፦
«ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው።»
ኖዳር ከታች ሆኖ አነበበው፤ ዓይኑ ደህና ነው።
የሕግ ፊት ግን ወዲያ ላይ ነው፣
እሱ ያለው ከእግሩ ሥር ነው።

ዘበኛው ኦታር ክፉ ሰው አይደለም፤
ጎንበስ ብሎ «ና ልዘልህ» አለው፣ «ማንም አያይም።»
«ሰባት ዓመት ድንጋይ ተሸክሜያለሁ» አለ ኖዳር፣
«ራሴ ግን ጭነት አይደለሁም።
ባለጉዳይ ነኝ። ስሜ ሲጠራ እገባለሁ፣
ታዝዬ አልገባም።»

ላይ ቤት ምድጃው ይነዳል። አራት ሰዓት አለፈ።
የኩባንያው ጠበቃ የለም፤ መኪናው መንገድ ላይ ቆሟል።
ዳኛው ሰዓቱን አየ። «በረዶ የእግዜር ሥራ ነው» አለ፣
«እንጠብቀው እንጂ፤ ሰው ነው፣ ይደርስበታል።»
ጠበቅነው። ሻይ ጠጣን። አምሳ ደቂቃ ጠበቅነው።
መጣ፣ ጫማውን አራገፈ፣ ወንበር ሳቡለት፤
በረዶው ለእሱ ምክንያት ነው።

ያኔ የኖዳር ስም ተጠራ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ሥርዓቱ፣
ከበሩ እስከ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ እስከ ደረጃው አናቱ።
ከታች አንድ ድምፅ መጣ፦ «አቤት!»
መስኮቱ ድርብ ነው። ሰማሁት።
«አቤት! አለሁ! አቤት!»
የዳኛው እርሳስ ቆመች፤ እሱም ሰምቷል፣ አየሁት።

መጽሐፉን ገለጠ። ሕጉ ስለ ድምፅ አይልም፣
«ችሎት ፊት መቆም» ይላል፤ ስለማይቆም ሰው አይልም።
ለሁለቱም ያው ደረጃ፣ ለሁለቱም ያው በር፣
ጭማሪ የለው፣ ቅናሽ የለው፤
ይሄ ነው የሚያስፈራው ነገር።
«ጻፊ» አለኝ፦ «ከሳሽ አልቀረበም።»
ጻፍኩ።
አልቀረበም።

ከዚያች ከተማ ሰው ሁሉ ወደ ሕግ የቀረበው እሱ ነበር፣
በመዳፉ፣ በጨለማ፣ ክንድ በክንድ።
እኔ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ስንት ክንድ ርቄ ነበር?

ሲመሽ ወረድኩ። እየቆጠርኩ ወረድኩ።
እዚያው ነበር፤ ጉልበቱ በነበረበት ቦታ በረዶ ተቆልሎ።
«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለኝ።
ነገርኩት። ዝም አለ። (ዝምታ።)
«ወረቀት አለሽ?» አለኝ ቆይቶ።
«ወረቀት ደረጃ ይወጣል። እኔ ካልገባሁ፣ ይግባኝ ይግባ።»
ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩለት። ቀለሙ እምቢ እያለ፣
በትንፋሼ እያሞቅሁ፦
አንደኛ፣ ቀርቤ ነበር።
ሁለተኛ የለውም።

የምስክር ስም የሚሞላበት መስመር ባዶ ቀረ።
ወደ ኦታር አየሁ፤ ኦታር ወደ ቁልፉ አየ። አምስት ልጅ አለው።
ጻፍኩ፦ ኤተሪ ሎምታዜ፣ የችሎት ጸሐፊ።
አቤት ሲል ሰምቻለሁ።

የስንብት ደብዳቤዬ የደረሰኝ ለፋሲካ ነው።
ይግባኙ ገና ነው።
ትናንት በዚያ ሳልፍ ቆጠርኩት፤
አሁንም አሥራ ዘጠኝ ነው።